በአራተኛ ፎቅ የተሰቀለ ሥጋ

«የእስያ ጣዕም ያለው፣ ተዘፍዝፎ የተዘጋጀ የአሳማ ሥጋ» ይላል በሱፐርማርኬቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተደረደረው እሽግ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። እስያ የምትባል ምግብ አብሳይ የለችም፤ ኖራም አታውቅም። እሽጉ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ቀይ ቀለምና ድፍረት ነው። ጣዕም የሚባለው ነገር የአንድ ሰው እጅ፣ የአንድ ግቢ፣ የአንድ ወቅት ነፋስ ነው። እኔ የማውቀው የእናቴን እጅ፣ በስቱዋርት ፓርክ ሰፈር የነበረውን ግቢያችንንና የዳርዊን ከተማን የሐምሌ ነፋስ ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን «ጣዕም» ለሚሸጡት ትቼላቸዋለሁ።

ቤታችን እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ በምሰሶ ላይ የቆመ ነበር፤ ከሥሩ አዋቂ ሰው ሳያጎነብስ ይመላለሳል። ግቢው መካከል ተሽከርካሪው የልብስ ማስጫ እንደ ተከፈተ ጃንጥላ ቆሟል። ሐምሌ ገብቶ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ የማንጎውን ቅጠል ማንኮሻኮሽ ሲጀምር፣ እናቴ ልብሱን ሁሉ ሰብስባ የማስጫውን ሽቦ በሙቅ ውኃ ትፈትጋለች። ያን ጊዜ እኔና እህቴ ቫልዳ ነገሩ ይገባናል፤ ሥጋ ሊሰቀል ነው።

የአሳማውን የሆድ ሥጋ ከነቆዳው፣ ከነስቡ፣ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ትዘለዝለዋለች። ሶይ ሶስ፣ ጨው፣ ስኳር፣ አባቴ በድስት አምሶ የሚወቅጣቸው አምስቱ ቅመሞች፣ በመጨረሻም ከጠርሙስ የሚንቆረቆር የጽጌረዳ አረቄ። ያ አረቄ ሲከፈት ቤቱ ሰርግ ያለበት ይመስላል። ሥጋው በዚያ ተዘፍዝፎ ሁለት ሌሊት ያድራል፤ እናቴ ጠዋት ማታ በእጇ ታገላብጠዋለች። በሦስተኛው ሌሊት ከቤቱ ሥር በገንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንጠፈጠፍ ያድርና በማግስቱ በሲባጎ ማስጫው ላይ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የአባቴ ነው። አባቴ ዊልተን ቹንግ ቀኑን ሙሉ በሱቁ ቆሞ የሚውል፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ቀትር ላይና ፀሐይ ስትጠልቅ መጥቶ ማስጫውን ሩብ ዙር ያዞረዋል፤ ሩብ ብቻ፣ ሁሉም ቁራጭ ከነፋሱ ድርሻውን እንዲያገኝ። እኔና ቫልዳ የዘንባባ ዝንጣፊ ይዘን ሥጋውን ከጭልፊት እንጠብቃለን። የጎረቤት ልጆች አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው «ሥጋ የሚያፈራው ዛፍ ደረሰ?» እያሉ ያበሽቁናል። እኔ በድንጋይ እመልስላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜም ቢሆን ትዕግሥት አልነበረኝም። በቻይና አያቶቻችን ይህን ሥጋ የሚሰቅሉት በጨረቃ አቆጣጠራቸው በዐሥራ ሁለተኛው ወር፣ በብርዱ ነው፤ ስሙም ከወሩ የወጣ ነው። ዳርዊን ውስጥ በዚያ ወር ዝናብ ስለሆነ ቆዳ ጫማ እንኳ ይሻግታል። «እኛ አገር ዐሥራ ሁለተኛው ወር በስድስተኛው ይደርሳል» ይል ነበር አባቴ፤ ሐምሌ በዚያ አቆጣጠር ስድስተኛው ወር ነው። ከቀልዶቹ ሁሉ የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላ ቀልድ የነበረውም አይመስለኝም።

በአምስተኛው ቀን ስቡ እንደ ሻማ ሰም ብርሃን ያሳልፋል። እናቴ በስሱ ቆራርጣ እየበሰለ ባለው ሩዝ ላይ ትደረድረውና ድስቱን ትከድናለች። ክዳኑ ሲነሳ የሚወጣውን ሽታ በጽሑፍ ለመግለጽ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልሞክርም።

እናቴን ከዚያ ቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ደረጃው ለጉልበቷ አይሆንም፣ ጣሪያው ያረጀ ነው፣ ብቻዋን ናት አልሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራተኛ ማኅበር ጠበቃ ሆኖ የኖረ ሰው የሰማንያ ስምንት ዓመት እናቱን ተከራክሮ ቢረታ ጀብዱ አይደለም፤ ግን ረታኋት። ቤቱን የገዛው ሰው በሁለት ቀን በማሽን አፈረሰው፤ ማስጫውንም ከነሥሩ ነቀለው። እናቴ ከተማው መሐል ባለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባች፤ እኔም ሁለተኛውን ክፍል ይዤ አብሬያት መኖር ጀመርሁ። ሊፍት አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ባሕሩ ይታያል። እሷ ግን አምስት ወር ሙሉ ሐኪም ቤት ተራ እንደምትጠብቅ ሰው የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቫልዳ ከፐርዝ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ምድር ቤት ክፍል አለ፣ ግቢ አለ፣ ነይ ትላታለች።

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ዐርብ እናቴ ጠዋት ቡና ቤት ልወጣ ስል በር ላይ ያዘችኝ።

«ሴድሪክ፣ ሥጋ ግዛልኝ።»

«ምን ዓይነት ሥጋ?»

«ምን ዓይነት ይለኛል እንዴ! የሚሰቀል ነዋ።»

«እማዬ፣ እዚህ? የት ላይ?»

«በረንዳው ነፋስ አለው የለውም?»

«አለው፤ ከልክ በላይ አለው።»

«እንግዲያው እናያለን። ከነገ ወዲያ ሳምንት እሁድ የአባትህ መታሰቢያ ነው። ይኼ ቤት እስከዚያ ሥጋ ካደረቀልኝ ቤት ነው፣ እኖርበታለሁ። ካላደረቀ ቫልዳ ጋ እሄዳለሁ።»

«አባዬንስ እዚህ ጥለሽው?»

«ጥዬውማ አይደለም፤ አንተ አለህለት። ልትከራከረኝ ነው? አትከራከረኝ። ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነው።»

አየሁት፤ እውነትም ነበር፣ ልብሷም ግማሹ ገብቶበታል። ከአባቴ ጋር ስድሳ አንድ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት መቃብሩን ትታ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ልትሄድ ነው፤ የሚያስቀራት ነገር ቢኖር አንድ በረንዳ ነው። እኔም አብሬያት ፐርዝ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ከቫልዳ ባል ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ብናድር ፖሊስ ይጠራል።

ሥጋውን ገዛሁ፣ ዘለዘልሁ፣ እሷ ከወንበሯ ሆና እየገሠጸችኝ ዘፈዘፍሁት። እሁድ ማታ ጉልበቷ አሟት ተኛች። «ዛሬ መታጠቢያው ውስጥ ይንጠፍጠፍ፤ ነገ ጠዋት ትሰቅለዋለህ» ብላ ነበር። መታጠቢያ ክፍላችን የቁም ሳጥን ያህል ነው። ነፋሱ ደግሞ በረንዳውን ያፏጨዋል፤ የሚንጠባጠበውን ነፋሱ ይወስደዋል ብዬ ለራሴ ተከራከርሁ፤ እንደ ልማዴም ረታሁ። አንድ የመጋረጃ ዘንግ ከብረት አጥሩ ውጭ አሻግሬ አሰርሁና ሥጋውን ከነእርጥበቱ ደረደርሁት። በስቱዋርት ፓርክ ጠብታው መሬት ላይ ይወድቅና ጉንዳን ይጨርሰው ነበር። በስድሳ ስድስት ዓመቴ ከእግሬ ሥር ሰው እንደሚኖር አልታየኝም።

ማክሰኞ ጠዋት በበሩ ሥር ወረቀት ገብቶ አገኘሁ። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። «ቅሬታ ስለቀረበ በበረንዳዎ ላይ የሰቀሉትን ነገር እስከ ረቡዕ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያንሱ።» የከሳሹ ስም የለም፤ የቅሬታው ምክንያት የለም፤ «ነገር» ይላል። ሥጋ ማለት እንኳ ቀፏቸዋል።

ቁጭ ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። ቅድመ አያቴ እዚህ ከተማ ሲገባ ከተማው ራሱ ድንኳን እንደነበር፣ ሶይ ሶስ በሸተታቸው ቁጥር የሚሸበሩ አፍንጫዎች ከመቶ ዓመት በፊትም እንደነበሩ፣ ስሙን ደብቆ የሚከስ ሰው ፈሪ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያው ላይ «የእስያ ምግብ» በልተው የሚያገሱት ሰዎች ምግቡ ጎረቤታቸው ሲሆን ለምን እንደሚጠሉት። አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ዛሬም ያምረኛል። አርባ ስምንት ቅጂ አባዝቼ በየፖስታ ሣጥኑ ልከት ስነሳ እናቴ ሶፋው ላይ ሆና አየችኝ።

«ለማን ነው ያ ሁሉ?»

«ለነዋሪው ሁሉ።»

«ነዋሪው ሁሉ ምን አደረገህ?»

«እማዬ፣ ይኼ የመርሕ ጉዳይ ነው።»

«የሥጋ ጉዳይ ነው» አለች። «አንተ መርሕ ስትል ሥጋው ይበላሽብኛል።»

ረቡዕ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ፊቱ ፀሐይ የለበለበው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሽማግሌ፣ በአንድ እጁ የላስቲክ ከረጢት፣ በሌላው የእኔን ሦስት ገጽ ይዟል።

«ክላይቭ እባላለሁ» አለ። «ከእናንተ ሥር ነው የምኖረው። ፈሪ ያልከው ሰውዬ እኔ ነኝ።»

«እኔ የጻፍሁት ስሙን ስለደበቀ...»

«አልደበቅሁም። ስሜንም የቤት ቁጥሬንም ጽፌ ነው ለኮሚቴው የሰጠሁት። ያልጻፉልህ እነሱ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ተነጋገር። አፍንጫዬን ደግሞ ተወው፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ሰማንያ ሰባት ጀምሮ ምንም አያሸትም። ሐኪሙን መጠየቅ ትችላለህ።» ከረጢቱን ፈታና ነጭ ሸሚዝና ነጭ ሱሪ አወጣ። «የሕግ ሰው ነህ አሉኝ፤ እስቲ ይኼ ምን እንደሚባል ንገረኝ፣ ጌታው።»

ከትከሻው እስከ ደረቱ ቡናማ ነጠብጣብ ወርዶበታል፤ ሱሪው ላይ ደግሞ ነፋሱ በሰያፍ ረጭቶታል። ክላይቭ በሣር ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉት ነጭ ለባሽ ሽማግሌዎች ክለብ አባል ነው። ልብሱን ሰኞ በረንዳው ላይ አስጥቶ ነበር። በማግስቱ ሐሙስ የመጨረሻው ግጥሚያ አለው፤ ክለቡ ደግሞ ያለ ነጭ ሜዳ አያስገባም።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ማስረጃ ቀርቦብኛል፤ ሁልጊዜም አንድ የምለው ነገር ነበረኝ። ያን ጠዋት ግን ዞሬ በረንዳው ላይ የሚወዛወዘውን ሥጋ አየሁ።

እናቴ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ትታ ተነሳች። እያነከሰች መጥታ ሸሚዙን ከእጁ ወሰደች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው፣ አሸተተችው።

«አላንጠፈጠፍከውም» አለችኝ፤ ሰውዬው ፊት።

«እማዬ፣ ነፋሱ...»

«አንጠፍጥፍ አልኩህ። ሦስት ገጽ ስትጽፍ አንድ ጊዜ ቁልቁል ማየት አቃተህ?» ወደ ክላይቭ ዞረች። «ሱሪውንም ስጠኝ፣ የኔ ጌታ። ሙቅ ውኃ ነክቶታል?»

«አልነካም። እንዳየሁት ነው ይዤው...»

«ጎበዝ። ሙቅ ውኃ ቢነካው ኖሮ እንዲህ እንዳለ ትቀበርበት ነበር።»

«እሜቴ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምንጫወተው።»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርስልሃል። ሂድ፣ ቁርስህን ብላ።»

የእናቴ አባት ከጦርነቱ በኋላ የልብስ ንጽሕና ቤት ነበረው፤ የአየር ኃይል መኮንኖችን ነጭ ልብስ ያጥብ ነበር። እናቴ በዘጠኝ ዓመቷ በርሜል ላይ ቆማ ታሽ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ በሦስት ገጹም ውስጥ አያቴን ሁለት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። እናቴ ስታጥብ ግን አይቼ አላውቅም፤ እኔ ስወለድ ማሽን ነበረን። በርጩማ አምጣ አለችኝ፣ ማጠቢያው ፊት ተቀመጠች፣ ቀዝቃዛ ውኃ ለቀቀች። በሳሙናና በነጭ ኮምጣጤ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ፣ በጣቶቿ መገጣጠሚያ መካከል እየያዘች፣ ሳትቸኩል አሸችው። ቡናማው ወደ ሻይ፣ ሻዩ ወደ ገለባ፣ ገለባው ወደ ምንም ሄደ።

«አትቁም» አለችኝ ቀና ሳትል። «ዘንግህን ወደ ውስጥ አስገባ። ከሥሩ የዳቦ መጋገሪያውን ትሪ አድርግበት። ሥጋውን ወደ ግራ ጥግ ውሰደው፤ ነፋሱ ከቀኝ ነው፣ ልብሱ በነፋሱ መምጫ በኩል ይሰጣ።»

ስለዚህ በዚያ ቀትር በበረንዳችን ላይ የክላይቭ ነጭ ልብስና የእኛ ሥጋ ጎን ለጎን ሲወዛወዙ ዋሉ። ሲደርቅ በሩዝ ውኃ አጠነከረችውና ተኮሰችው። የጋለ ብረት የሩዝ ውኃ ሲነካ የሚወጣ አንድ ሽታ አለ፣ የተቆላ እህል የሚመስል። እሷ ዐይኗን ጨፈን አድርጋ ሳበችው።

«የአባቴ ቤት» አለች። ቦርሳዋ የት እንዳለ ጠፍቷት ማታ ፈልገን አገኘነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብሱን በማንጠልጠያ ይዤ ወረድሁ። ክላይቭ ሸሚዙን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ፊትና ኋላውን አገላበጠው።

«አዲስ ሳለ እንኳ እንዲህ አልነበረም» አለ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ልብሱን እናትህ አጠበችው። ደብዳቤውንስ ማን ያጥበዋል?»

መልስ ነበረኝ። ኮሚቴው ምክንያት ሳይጠቅስ ማዘዝ እንደማይችል፣ የደብዳቤዬ ዋና ሐሳብ በአንድ ሸሚዝ እንደማይፈርስ፣ በዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያሉ አፍንጫዎች እንደነበሩና እንዳሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ዛሬም እምልበታለሁ። ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶኛል፤ ከላይ ደግሞ አልጋ ሥር ግማሽ የሞላ ሻንጣ አለ።

«ክስዎን ያነሳሉ?» አልሁት።

«አንተ ደብዳቤህን ታነሳለህ?»

«አንዳንዱ ክፍል ትክክል ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ያነበብሁት ፈሪ የሚለውን ነው። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ስለ እኔ ሦስት ገጽ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው፤ ሁሉም ሰው አንብቦታል። ሊፍት ውስጥ ሰው ዝም ይለኛል።»

ወጣሁ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጻፍሁ። «ስለ ቅሬታው የጻፍሁት ስሕተት ነው። በረንዳዬ የጎረቤቴን ልብስ አበላሽቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎረቤቴ ስሙን አልደበቀም፤ ፈሪም አይደለም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አራት መስመር ነው። ሦስት ገጹን በአንድ ሰዓት ጽፌዋለሁ፤ አራቱን መስመር ለመጻፍ ከዚያ ብዙም ያነሰ ጊዜ አልወሰደብኝም። አባዝቼ በየሣጥኑ ስከት አንዲት ወጣት ደብዳቤዋን ልትወስድ መጣች፤ እዚያው አነበበችውና ሳቀች።

«አጭር ሆነብን እኮ! የመጀመሪያውን ቢሮ ወስጄው ምሳ ላይ ጮክ ብለን አነበብነው።»

የቀሩትን ሣጥኖች መሙላት ቀጠልሁ።

ለዐሥራ አንድ ሰዓት ዐሥር ጉዳይ ላይ ክላይቭ ክሱን አነሳ። ኮሚቴውም ከብረት አጥሩ ውስጥ እስከሆነና ትሪ እስካለው ድረስ እንደማይቃወም በአንድ መስመር ጻፈልን፤ አሁንም «ነገር» ይላል። ተውሁት።

የሚዞር ማስጫ ስለሌለን እናቴ ቀትር ላይና ፀሐይ ስትጠልቅ እየወጣች እያንዳንዱን ቁራጭ በሲባጎው ሩብ ዙር ታዞረው ጀመር። ኻያ ሁለት ቁራጭ ነው። በሁለተኛው ቀን እኔም ከሌላው ጫፍ ጀመርሁ፤ መካከል ላይ እንገናኛለን። «በዛ፣ ሩብ ነው ያልኩህ» ትለኛለች። እንዲህ ስናዞር አባቴን ከሱቁ ሲመጣ፣ እጁን በሱሪው ሲጠርግ፣ ሽቦውን ቀስ ብሎ ሲገፋ አየዋለሁ፤ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የማየው፣ ላብ ያጣበቀውን ሸሚዝ። ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ያን ጀርባ አስታውሼው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ማታ ሊፍት ውስጥ ክላይቭን አገኘሁት።

«እንዴት ሆነላችሁ?»

«ተሸነፍን። ሸሚዙ ገትሮ ያዘኝ፣ ክንዴን ማጠፍ አቃተኝ። ለእናትህ ግን አትንገራት።»

«ሥጋው ሲደርስ ላምጣልዎት?»

«የደረቀ ሥጋ? በዚህ ጥርስ?» አለና ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ስቡን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ብርሃን ላይ ያዘችው። አንዲት ስስ ቁራጭ ቆርጣ ሩዙ ላይ ጣለች፣ ከደነች፣ ጠበቀች። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ እንደ ተከሳሽ ቆምሁ። በላች። ለረጅም ጊዜ አኘከች።

«ከድሮው ቤት ይበልጣል» አለች በመጨረሻ፤ የተናደደች ትመስላለች። «እዚያ በአምስት ቀን እንዲህ አይደርቅም ነበር። ይኼን ነፋስ አባትህ ቢያገኘው ኖሮ!»

ስልኩን አንስታ ቫልዳ ጋ ደወለች። ሰላምታም አልሰጠቻት። «ያን ክፍል ለልጆችሽ ስጪው» አለቻት። ቫልዳ የመለሰችውን አልሰማሁም፤ እናቴ ግን «እናንተ ጋ ነፋስ የለም» ብላ ዘጋችው።

እሁድ ጠዋት መቃብሩ ላይ ሩዙን፣ ሥጋውን፣ ሦስት ሲኒ አረቄና የአባቴን ሲጋራ ደረደርን። እናቴ ባመጣሁላት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠችና በየዓመቱ እንደምታደርገው የቤቱን ወሬ ነገረችው። የሥጋውን ዋጋ አማረረች፣ የሊፍቱን ነገር፣ የጉልበቷን ነገር። ወደ እኔ ሳትዞር በአውራ ጣቷ አመለከተችኝ።

«ልጅህ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ዊልተን። አታምነኝም አውቃለሁ። አርባ ስምንት ሰው ነው ይቅርታ የጠየቀው።»

«አርባ ሰባት ነው» አልሁ። «አንዱ ቤት ሰው አልገባበትም፤ በሕግ ደግሞ ባዶ ሣጥን...»

«ሴድሪክ» አለች እናቴ። «ዝም በልና ሥጋውን ቁረጥለት።»